ከዳይት ማግስት ሚዛን ላይ የሚወጣው ምንድን ነው?



ስለ ውፍረት ሲወራ መድረኩንም ሬዲዮውንም የሚሞላው አንድ ጥያቄ ነው፤ እንዴት እንቀንስ? ዛሬ ላነሳ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሰውየው ቀነሰ እንበል። ያሰበው ኪሎ ላይ ደረሰ፣ ሱሪው ሰፋው፣ ጎረቤቱም «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለው። ከዚያስ? ዕድሜ ልኩን በ1300 ካሎሪ ሊኖር አይችልም፤ ምግቡን መጨመር አለበት። ተጠንቅቆ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያለ መጨመር ይጀምራል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሚዛን ላይ ሲወጣ አንድ ኪሎ ተኩል ጨምሯል። ይደነግጣል። «ሰውነቴ ተበላሽቷል፤ እኔ ውኃ ብጠጣም እወፍራለሁ» ይልና በማግስቱ ወደ ሰላጣውና ወደ ረሃቡ ይመለሳል።

ይህ ሰው የደነገጠው በማይደነገጥበት ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ሚዛኑ የሚናገረው ስለ ውኃ፣ ስለ ጨውና ስለ አንጀት ነው። ስለ ስብ መናገር የሚጀምረው ዘግይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አብዛኞቻችን ሚዛኑን አልጋ ሥር ከተነዋል።

በሒሳብ እንጀምር፤ አጭር ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7700 ካሎሪ ይይዛል። ካሎሪ የምለው በምግብ ማሸጊያ ላይ ተጽፎ የምታዩትን ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ኪሎ ተኩል ስብ ለማከል ሰውነት ከሚያቃጥለው በላይ 11,550 ካሎሪ መብላት ያስፈልጋል፤ በየቀኑ 1650 ትርፍ ማለት ነው። የእኛ ሰው የጨመረው ግን በቀን 100 ነው፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ፣ ወይም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ትንሽ የሚያንስ። ከሙዝ አንድ ኪሎ ተኩል ስብ አይወጣም።

ነገሩ ከዚህም ይብሳል። አንዲት ሴት እንውሰድ። ከ80 ኪሎ ወደ 68 ወርዳለች፤ በዳይቱ መጨረሻ ላይ በቀን 1300 ካሎሪ ትበላለች። አሁን ባለችበት ክብደት ሰውነቷ በቀን 1800 ያቃጥላል እንበል። በየሳምንቱ 100 እየጨመረች 1800 ላይ ለመድረስ አምስት ሳምንት ይፈጅባታል። በመጀመሪያው ሳምንት 1400 ትበላለች፤ በቀን 400 ይጎድላታል። በሁለተኛው 300፣ በሦስተኛው 200፣ በአራተኛው 100፤ በአምስተኛው ብቻ ነው ገቢና ወጪዋ እኩል የሚሆነው። የጎደለው ሲደመር 7000 ካሎሪ ይመጣል፤ አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስብ። እንግዲህ ይህች ሴት ምግብ እየጨመረች ስብ እየቀነሰች ነው፤ በዚያው ጊዜ ሚዛኑ አንድ ኪሎ፣ አንዳንዴም ሁለት ኪሎ ሽቅብ ሊያሳያት ይችላል። ሚዛኑ አልዋሸም። የጠየቀችው ሌላ፣ የመለሰላት ሌላ ነው።

የጨመረው ምንድን ነው ታዲያ?

ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከድንች የምናገኘው ስታርች በአንጀት ተሰባብሮ ስኳር ይሆናል። ስኳሩ ወዲያው ካልተቃጠለ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን ሆኖ ይከማቻል። የአዋቂ ጉበት ወደ 100 ግራም ያህል ይይዛል፤ ጡንቻዎች ተደምረው ወደ 400 ግራም፣ ጡንቸኛ ሰው ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ። ዋናው ነገር ግላይኮጅን ብቻውን አለመቀመጡ ነው፤ እያንዳንዱ ግራም ወደ ሦስት ግራም ውኃ ይዞ ነው የሚከማቸው። በዳይት ወቅት ይህ ጎተራ ይጎድላል፤ ምግብ ሲጨመር መጀመሪያ የሚሞላው እሱ ነው። 250 ግራም ግላይኮጅን ሲመለስ 750 ግራም ውኃ አብሮት ይገባል፤ አንድ ኪሎ ሞላ፣ ከስብ ግን አንዲት ግራም የለበትም። ዳይቱ በተጀመረበት ሳምንት ሁለት ሦስት ኪሎ ዱብ ያለውም በአብዛኛው ይኸው ነበር። ያኔ ግን «ይሄማ ውኃ ነው» ብሎ ያዘነ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሲወጣ ስብ ብለን ጨፍረን ሲመለስም ስብ ብለን እናለቅሳለን።

ሁለተኛው ጨው ነው። ካርቦሃይድሬት ስንጨምር የኢንሱሊን መጠን ከፍ ይላል፤ ኢንሱሊን ደግሞ ኩላሊት ሶዲየምን ከሽንት ጋር ከመጣል ይልቅ እንዲያስቀር ያደርጋል። ሶዲየም በቀረበት ውኃም ይቀራል። ምግብ በጨመርን ቁጥር በርበሬውና ማባያው፣ በውስጣቸው ያለው ጨውም መጨመሩን አትርሱ። ሦስተኛው በጣም ግልጽ ስለሆነ ሰው ይረሳዋል፤ የተበላ ምግብ እስኪፈጭና እስኪወገድ ድረስ በሆድ ዕቃ ውስጥ ክብደት አለው። ብዙ የበላ፣ በተለይም ጥራጥሬና ጎመን የበላ፣ ብዙ ይዞ ይዞራል።

ፋሲካን አስቡት። ጾምን ከዳይት ጋር ላመሳስል አይደለም፤ ዓላማቸው ለየቅል ነው። ሰውነት ግን ሰውነት ነው። 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ርቆ የቆየ ሰው፣ ይልቁንም ሕማማቱን አጥብቆ የጾመ፣ ከቅዳሴ መልስ ዶሮ ወጥ ይቀርብለታል። ረፋዱ ላይ ጥብስ፣ ከሰዓት ዘመድ ጥየቃ፣ በየደረሰበት «እስቲ ቅመስ» አለ። ማክሰኞ ጠዋት ሚዛን ላይ ቢወጣ ሁለት ኪሎ ጨምሮ ሊያገኘው ይችላል። ሁለት ኪሎ ስብ 15,400 ካሎሪ ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከወጪው በላይ ያን ያህል የሚበላ አንጀት ያለው ካለ እጁን ያውጣ። ከረመዳን በኋላ በዒድ ሰሞንም ያው ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ አዲስ አበባ ድረስ ተቀምጦ የበረረ ሰው እግሩ አብጦ፣ ጫማው ጠቦት፣ ሚዛኑም ከፍ ብሎበት ይወርዳል፤ በአውሮፕላን ውስጥ የወፈረ ግን የለም።

ሚዛንና ሥጋ ለየብቻ እንደሚሄዱ ከማንኛውም ጥናት በተሻለ ያሳየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ላይ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሙከራ ነው። በአውሮፓ ሚሊዮኖች ተርበው ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ እነዚህን ሰዎች እንዴት እንመግብ የሚለውን በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንሴል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት 36 ወጣቶችን በፈቃደኝነት መለመለ። ሁሉም በእምነታቸውና በሕሊናቸው ምክንያት ጠመንጃ አንይዝም ያሉ፣ በውትድርና ፈንታ በሌላ አገልግሎት አገራቸውን ለመርዳት የተስማሙ ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ማክስ ካምፕልማን በኋላ ትልቅ ዲፕሎማት ሆኖ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በጦር መሣሪያ ቅነሳ ተደራድሯል። መኖሪያቸውም ቤተ ሙከራቸውም ከዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ሥር ነበር።

በመጀመሪያ ለ12 ሳምንት በቀን ወደ 3200 ካሎሪ በልተው የተለመደ ሁኔታቸው ተመዘገበ። ከየካቲት 1945 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለ24 ሳምንት ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰ። በቀን ሁለቴ ይበላሉ፤ ድንች፣ ዳቦ፣ መኮሮኒ፣ ጎመንና ሥራሥር። በሳምንትም 22 ማይል፣ ወደ 35 ኪሎ ሜትር፣ መራመድ ግዴታቸው ነበር። ከክብደታቸው አንድ አራተኛው ያህል ሄደ። በበጋው ሙቀት ይበርዳቸው ነበር፤ ሳህን ይልሳሉ፤ ምግብ ማብሰያ መጻሕፍት እየሰበሰቡ እንደ ልብ ወለድ ያነቧቸዋል። ለኛ ርዕስ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቁርጭምጭሚታቸውና ፊታቸው አበጠ። ሥጋቸው እያለቀ ውኃ ይይዙ ነበር፤ ስለዚህ ሚዛኑ የጉዳታቸውን ልክ ደብቆ አሳንሶ ያሳይ ነበር።

ምግቡ ሲጨመርላቸውስ? ለ12 ሳምንት በአራት ቡድን ተከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን የተለያየ ጭማሪ ተሰጠው። ትንሹን ጭማሪ ያገኙት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሚዛን ላይ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላሳዩም። እየበሉ ነው፤ ሥጋቸው እየተመለሰ ነው፤ የያዙት ውኃ ግን በዚያው ልክ ይወጣል። ያገገሙትም በጣም በዝግታ ስለነበር ኪስ የሁሉንም ምግብ ለመጨመር ተገደደ። እንዲህ የተራበ አዋቂ መልሶ ለመቋቋም በቀን ወደ 4000 ካሎሪ እንደሚያስፈልገው ደመደመ። እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመው ባለ ሁለት ጥራዝ መጽሐፉ ዛሬም ይጠቀሳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር ልብ በሉ። ቅድም ያነሳናት ሴት ምግብ ጨምራ ውኃ ያዘች፤ የሚኒሶታ ወጣቶች ምግብ ጨምረው ውኃ ጣሉ። አይጋጭም። የእሷ ግላይኮጅኑንና ጨውን ተከትሎ የገባ ነው፤ የእነሱ የከባድ ረሃብ እብጠት ነው። በሁለቱም ግን ሚዛኑና ሥጋው ለየብቻ ይሄዳሉ። ይህን በአገራችን ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን የሚያክሙ ነርሶች ከማንም በላይ ያውቁታል። እግሩና ፊቱ ያበጠ ሕፃን ይገባል። ኤፍ-75 የሚባለው ወተት በየሦስት ሰዓቱ በልክ በልኩ ይሰጠዋል፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ ያለው ነው፤ ሆን ተብሎ ነው ቀለል የተደረገው። በቀናት ውስጥ ሕፃኑ ክብደት ይቀንሳል። ልምድ የሌላት እናት «ልጄ እየባሰበት ነው» ትላለች። ነርሷ ግን አውራ ጣቷን የልጁ እግር ላይ ጫን አድርጋ ታነሳለች፤ ጉድጓዱ ከትናንቱ ያነሰ ነው። ፈገግ ማለት ሲጀምርና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ወደ ኤፍ-100 ወይም በከረጢት ወዳለው የለውዝ ቅባት ይሸጋገራል፤ ያኔ ነው እውነተኛው ሥጋ በሚዛን ላይ የሚታየው። በነገራችን ላይ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይበላ የቆየ፣ እጅግ የመነመነ ሰውን በቤት ውስጥ በአንዴ ማብላት አደገኛ ነው። በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት በድንገት ወርዶ ልብ ሊያቆም ይችላል፤ ይህ የሐኪም ሥራ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ሥጋት ልምጣ። ሚኒሶታ ላይ የተወሰነው ጊዜ አልቆ ያሻችሁን ብሉ ሲባሉ ወጣቶቹ በሉ፤ እስኪያማቸው የበሉ አሉ። ሆዳቸው ጢም ብሎ ረሃባቸው አልጠፋ አላቸው። በመጨረሻ ላይ የተከታተሏቸው 12ቱ ክብደታቸው ከመነሻው አለፈ፤ የሰውነት ስባቸውም ከድሮው በብዙ በለጠ፤ ጡንቻቸው ግን ከስባቸው ዘግይቶ ነበር የሚመለሰው። ከዓመታት በኋላ ይህንኑ መረጃ እንደገና የመረመረው የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ አብዱል ዱሉ፣ የረሃቡ ብርታት ከጎደለው ስብ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጎደለው ጡንቻ ጋርም እንደሚሄድ አሳየ። ሰውነት ጡንቻው እስኪሞላ «ብላ» ማለቱን አያቆምም፤ በዚህ መካከል ስቡ ከልኩ ያልፋል። እርግጥ እነዚያ ወጣቶች ሲጀምሩም ቀጫጮች ነበሩ፤ ከ90 ኪሎ ወደ 80 የወረደ ሰው በልኩ እንደነሱ አይሆንም። አቅጣጫው ግን አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ በጄፍሪ ፍሪድማን የሚመራው ቡድን ሌፕቲን የሚባለውን ሆርሞን ዘረመል ካገኘ ወዲህ የዚህን አንድ ምክንያት እናውቃለን። ሌፕቲን ከስብ ሕዋሳት እየወጣ «ስንቅ አለ» ብሎ ለአንጎል ይናገራል። ስቡ ሲቀንስ ድምፁ ይወርዳል፤ ረሃብ ይበረታል፤ ሰውነትም ከመጠኑ ማነስ ከሚጠበቀው በላይ ቆጣቢ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከአውስትራሊያ ሜልቦርን የወጣ ጥናት ደግሞ ዳይት ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም የረሃብ ሆርሞኖች ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዳልተመለሱ አሳይቷል። ስለዚህ የሚዛኑ ጭማሪ የሚያስፈራው በአምስተኛው ቀን አይደለም፤ በአምስተኛው ወር ነው። ያኔ ጥንቃቄው ላልቷል፣ ረሃቡ ግን አልላላም።

በየሳምንቱ 50 ወይም 100 ካሎሪ እየጨመሩ መውጣት የሚለው ዘዴ የመጣው ከሰውነት ግንባታ ተወዳዳሪዎች ነው። ለውድድር ስባቸውን ጨርሰው የሚያወርዱ ሰዎች ከውድድሩ ማግስት እንዳያብጡ የዘየዱት ነው። አሁን በየጂሙ «ሜታቦሊዝምህን ያድስልሃል፤ ብዙ እየበላህ እንዳትወፍር ያደርግሃል» እየተባለ ይነገራል። ለዚህ አጥጋቢ ማስረጃ አላየሁም። ምግብ ሲጨመር የሰውነት ወጪ ጥቂት ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ ምግብ መፍጨት ራሱ ከተበላው ወደ አንድ አሥረኛው ያህል ያቃጥላል፣ ሰውም ሲጠግብ መንቀሳቀስ ይወዳል። ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ጄምስ ሌቪን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናቱ በማዮ ክሊኒክ 16 ሰዎችን ለስምንት ሳምንት በየቀኑ 1000 ካሎሪ ትርፍ አበላቸው፤ አንዱ ግማሽ ኪሎ እንኳን የማይሞላ ስብ ሲጨምር ሌላው ከአራት ኪሎ በላይ ጨመረ። ትልቁን ልዩነት ያመጣው ስፖርት አልነበረም፤ መቆም፣ መቀመጥ፣ እግር ማወዛወዝ፣ ጎርደድ ማለት ነው፤ ሰው ሳያስበው የሚያደርገው። «እኔ 500 ጨምሬ ምንም አልሆንኩም» የሚል ጓደኛ ካላችሁ አይዋሽም ይሆናል፤ የእናንተ ሰውነት ግን የእሱ አይደለም።

ደግሞስ 50 ካሎሪ በእኛ ገበታ ላይ በምን ይለካል? ከአንድ ትሪ አምስት ሰው ሲበላ፣ ቅቤው በዓይን ሲፈስ፣ እትዬ ደግሞ «በሞቴ!» ብለው አፍ ሊቀድ የደረሰ ጉርሻ ሲያጎርሱ፣ ያቺን 50 ካሎሪ ማን ያያታል? እንደኔ እንደኔ ለአብዛኛው ሰው በሁለት ወይም በሦስት እርምጃ፣ በየእርምጃው ከ150 እስከ 250 እየጨመሩ፣ በወር ገደማ ውስጥ ወጪና ገቢው እኩል የሚሆንበት ላይ መድረስ ይሻላል። በጣም ዝግ ያለው መንገድ ረሃቡን ያራዝመዋል፤ የተራዘመ ረሃብ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ማታ ፈንድቶ ያርፈዋል። ዝግታው የሚጠቅመው ምግብ መጨመርን እጅግ ለሚፈራ ሰው ነው፤ ልብ ያረጋጋል። መድኃኒትነቱም እዚያ ላይ ያበቃል።

የሚጨመረውም ምን እንደሆነ ይለያል። ዱሉ ስለ ጡንቻ ያለውን ካስታወስን፣ የመጀመሪያው ጭማሪ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ አይብ፣ ዓሣ ቢሆን፣ ከዚያ ጋር በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ክብደት ማንሳት ወይም ሌላ የጉልበት ሥራ ቢኖር የሚመለሰው ኪሎ ወደሚፈለግበት ይሄዳል። ያቺ ከ80 ወደ 68 የወረደች ሴት ግን በ80 ኪሎዋ ትበላ ወደነበረው መጠን መቼም አትመለስም። ሰውነቷ አንሷል፤ ያነሰ ሰውነት ያነሰ ይበላል፤ ይህን በጊዜ ያልነገራት አሠልጣኝ አልጠቀማትም።

ሚዛኑን አልጋ ሥር አትክተቱት፤ አጠያየቁን ግን አስተካክሉ። ጠዋት፣ ከመጸዳጃ መልስ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ ተመዘኑ። የአንድ ቀን ቁጥር ላይ አትፍረዱ፤ የሰባቱን ቀን አማካይ ውሰዱ፤ ያንን ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር አነጻጽሩ። ሴቶች የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሁለት ኪሎ ውኃ ሊይዙ ስለሚችሉ ይህን ሳምንት ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ማወዳደር አለባቸው። በሁለት ሳምንት አንዴ በእምብርት ልክ ወገባችሁን በሜትር ለኩ። ሚዛኑ ጨምሮ ወገቡ ካልጨመረ ምግቡን አትንኩ። የምግቡ ጭማሪ ካቆመ በኋላ አራት ሳምንት አልፎ አማካዩም ወገቡም አብረው መውጣት ከቀጠሉ፣ ያኔ ነገሩ ስብ ነው፤ መጨረሻ የጨመራችሁትን 150 ወይም 200 ካሎሪ መልሳችሁ አውጡና ሌላ ሦስት ሳምንት ተመልከቱ። ወደ 1300 መመለስ አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሆኑ ሰዎች አሉ። የልብ ድካም ያለበት ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረ፣ እግሩ ካበጠ ወይም ጋደም ሲል ትንፋሽ ካጠረው «ግላይኮጅን ነው» ብሎ አይቀመጥ፤ በዚያው ቀን ሐኪሙ ጋ ይሂድ። የኩላሊት ሕመምተኛም እንዲሁ። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ምግብ ሲጨምሩ የመድኃኒቱ መጠን መታየት ስላለበት ከመጨመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ነፍሰ ጡሮችም ከቅድመ ወሊድ ክትትላቸው ውጭ በራሳቸው ካሎሪ ሲቀንሱና ሲጨምሩ መገኘት የለባቸውም።